መጋዝ የያዘው ሥራ አስኪያጅ

«ካይዘን» የሚለውን የጃፓን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በምሠራበት ባንክ የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ነው። አሠልጣኛችን አምስቱን «ማ»ዎች በነጭ ሰሌዳ ላይ በተርታ ጻፈልን፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ቃሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከፋብሪካ ግድግዳ አንሥቶ እስከ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ድረስ ተለጥፎ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ከሥልጠናው በኋላ የተሰጠን የመጀመሪያ ተግባር የቅርንጫፉን መዝገብ ቤት ማጣራት ነበር። ከሚወገዱት መካከል ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት በእጅ የተጻፉ ትልልቅ መዝገቦች ነበሩበት። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን አንዱን ከካርቶን ውስጥ አወጡና ገልጠው አሳዩኝ። ማንነቱን የማናውቀው ጸሐፊ ከየገጹ ድምር ሥር በቀይ ቀለም ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሥምሯል፤ አንዱም መስመር አልተንጋደደም። የየወሩን ስም የመጀመሪያ ፊደል እንደ ብራና ጸሐፊ አድምቆታል። እንዲህ አድርገህ አሳምር ብሎ ያዘዘው ደንብ አልነበረም። «እስቲ ይህን በስንት ትተምነዋለህ?» አሉኝ ጋሼ። ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ፤ መልስ ግን አጣሁ። ካርቶኑ በማግሥቱ ተጭኖ ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ መዝገብ ቤቱ ከዚያ ወዲህ እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ድሮ ግማሽ ቀን ያስፈልገኝ የነበረውን ፋይል ዛሬ በ5 ደቂቃ አገኘዋለሁ።

ይህን ያነሣሁት ሥልጠናውን ለመንቀፍ አይደለም። ያንኑ ቃል ከዓመታት በኋላ ባልጠበቅሁት ቦታ፣ በደቡብ ጀርመን በሽቱትጋርት ከተማ፣ ፖርሽ በተባለው የስፖርት መኪና ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ስላገኘሁት ነው። እዚያ ደግሞ የገባው በሰሌዳና በማርከር አልነበረም፤ በመጋዝ ነበር እንጂ።

አንባቢዬ «የግጥም ወዳጅን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። መኪና የለኝም፤ ወደ ሥራ የምሄደው ተሰልፌ በምይዘው ታክሲ ነው። ነገር ግን በልጅነቴ የአንድ ደብተሬ ሽፋን ላይ ዓይነ ክብ መኪና ነበረች። የፊት መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዓይን ጎላ ጎላ ብለው ወጥተዋል፤ ጀርባዋ ጎርፍ እንዳለሰለሰው ድንጋይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ስሟን ሳላውቅ በእርሳስ ደጋግሜ ሥያታለሁ። 911 መባሏን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዛሬ መኪና አምራቾች በያሉበት ወጪ ለመቀነስ ሲራወጡ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ፈጣን የሆነው፣ ከሚያስፈልገውም በላይ የተጨነቁበት ይህ ዕቃ ዕጣው ምን ይሆን እያልሁ አስባለሁ። በሐሳብ የምመለሰው ደግሞ ሁልጊዜ ወደዚሁ ቤት ታሪክ ነው፤ ጥያቄው እዚያ አንድ ጊዜ ተጠይቆ፣ አንድ ጊዜ ተመልሶ ነበርና።

ቤቱ ራሱ የቁጠባ ልጅ ነው። በ1948 የፌርዲናንድ ፖርሽ ልጅ ፌሪ የመጀመሪያዎቹን 356 መኪናዎች የሠራው በኦስትሪያ ተራሮች መካከል ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቀድሞ እንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። (መጋዝ ከዚህ ቤት ታሪክ ርቆ አያውቅም ማለት ነው።) ጦርነቱ ካለቀ ገና 3 ዓመቱ ነው፤ ብረትም ገንዘብም የለም። ስለዚህ ሞተሩንና ካምቢዮውን ጨምሮ ዋና ዋና ክፍሎቹን የወሰደው አባቱ ከነደፋት ከቮልክስዋገን፣ እኛ «ቮልስ» ከምንላት ከዚያች ድንክ መኪና ላይ ነበር። ዛሬ በጨረታ ሚሊዮኖች የሚወጣበት ስም በድህነት ዘመን ከርካሽ መኪና ዕቃ ተገጣጥሞ ተነሣ። «ቁጠባ ውበትን ይገድላል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህችን ግቢ አስታውሳለሁ።

911 የታየችው በ1963 በፍራንክፈርት ትርዒት ነው። መጀመሪያ ስሟ 901 ነበር፤ መካከሉ ላይ ዜሮ ያለበት ስም የእኔ ነው ብሎ ፔዦ ስለተቃወመ ዜሮው በ1 ተተካ። የቅርጿ ነዳፊ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ፌርዲናንድ አሌክሳንደር ነበር። 6 ሲሊንደር ያለው ሞተር በስተኋላ ተቀምጧል፤ የሚያቀዘቅዘውም ውሃ ሳይሆን አየር ነው። መሐንዲስ ሁሉ «ክብደቱን ከኋላ ማድረግ ስሕተት ነው» ይላል። እነርሱ ግን ስሕተቱን ሳይተዉ ለ30 ዓመታት አረሙት፣ ሞረዱት፣ አቀኑት። እንዲህ ያለ እልህ ከኢንዱስትሪ ይልቅ ለቅኔ ቤት የቀረበ ይመስለኛል።

የእልሁ ጫፍ 959 ነበረች። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራችው ይህች መኪና 450 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ኃይሉን እንደ መንገዱ ሁኔታ ለአራቱም ጎማዎች በኤሌክትሮኒክስ ታከፋፍላለች፤ የጎማዋን አየር ራሷ ትቆጣጠራለች፤ በሰዓት ከ310 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። በ1986 ከፓሪስ እስከ ዳካር ባለው የበረሃ ውድድር 1ኛና 2ኛ ወጣች። ዋጋዋ 420 ሺህ ማርክ ገደማ ነበር፤ ፋብሪካው ግን ለእያንዳንዷ ከዚህ በላይ አውጥቷል። ማለትም አንዷን በሸጠ ቁጥር ከሰረ። ለደንበኛ የተሠሩት 300 እንኳን አይሞሉም። በባንክ ሰው ዓይን ሲታይ ይህ እብደት ነው። ነገር ግን በ1989 የወጣችው ካሬራ 4 የተባለችው 911 በአራቱም ጎማዎቿ መነዳት የቻለችው ከዚችው እብደት በተገኘ ዕውቀት ነው። ኪሳራው የተመዘገበው በአንዱ ዓመት መዝገብ፣ ጥቅሙ የታየው በሌላ ዓመት መዝገብ ነውና፣ ሁለቱን በአንድ ገጽ አስታርቆ ያሳየ ሒሳብ ሠራተኛ የለም።

ውድቀቱ የመጣው ከመሐንዲሶቹ በኩል ሳይሆን ከእኛ፣ ከገንዘብ ሰዎች በኩል ነው። በ1986 ፖርሽ ከ50 ሺህ በላይ መኪና ሸጧል፤ ከዚህ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆነው የተሸጠው በአሜሪካ ነበር። በ1985 መጀመሪያ 1 ዶላር ከ3 ማርክ በላይ ይመነዘር ነበር፤ በ1987 መጨረሻ ወደ 1.6 ማርክ ወረደ። ወጪው በማርክ፣ ገቢው በዶላር ለሆነ ቤት ይህ ጎርፍ ነው። በዚያው ዓመት የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ፣ በፖርሽ ደንበኝነት የሚታወቁት የዎል ስትሪት ወጣቶች ደነገጡ። በ1993 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው መኪና 4 ሺህ እንኳን አልሞላም። በዓለም ዙሪያ የነበረው ሽያጭ ወደ 14 ሺህ ወረደ፤ የዚያ የበጀት ዓመት ኪሳራ ከ200 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ማን ይገዛዋል የሚለው ወሬ ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው ይዞር ጀመር።

ቬንደሊን ቪደኪንግ ወደ መድረኩ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1991 የምርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ መጣ፤ በ1992 የቤቱ ቀዳሚ ሰው ሆነ፤ ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። የስፖርት መኪና ነዳፊ ወይም የውድድር ጀግና አልነበረም፤ ሙያው ፋብሪካ ማስተዳደር ነው። ጃፓን ሄዶ የቶዮታን አሠራር አየ። ከዚያም ሺንጊጁትሱ ከተባለው አማካሪ ድርጅት፣ ቀድሞ የቶዮታ ሰዎች የነበሩትን ባለሙያዎች ወደ ዙፈንሃውዘን ፋብሪካ ጠራ። የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች ነን ብለው የሚያምኑ ጀርመኖች፣ ለሕዝብ ርካሽ መኪና ከሚሠራው ቤት በመጡ ሰዎች ፊት እንደ ተማሪ ተሰለፉ።

ቀጥሎ የሆነውን ጄምስ ዎማክና ዳንኤል ጆንስ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከውታል። በመገጣጠሚያው መስመር ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ መደርደሪያዎች ነበሩ። ለሳምንታት የሚበቃ መለዋወጫ ተከምሮባቸዋል። ሠራተኛው አንዲት ብሎን ለማውረድ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጎነበሳል፤ ብዙው የሥራ ሰዓቱ የሚያልፈው ዕቃ በመፈለግ ነው። ጃፓኖቹ ቦታውን ሲያዩ ፋብሪካ ሳይሆን መጋዘን መሰላቸው። ዋናው አማካሪ የኤሌክትሪክ መጋዝ አስመጣና ለሥራ አስኪያጁ ሰጠው። ቪደኪንግ በመስመሩ እየሄደ፣ ከደረት ከፍታ በላይ ያለውን መደርደሪያ ሁሉ ቆረጠ። ሠራተኛው ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በሠራተኛውና በሠራተኛው መካከል የቆመው ግንብ ፈረሰና ሰው ከሰው ተያየ።

ውጤቱ በቁጥር የሚታይ ነው። አንድ መኪና ለመገጣጠም 120 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ወደ 72 ሰዓት ወረደ። ከ8 ሺህ በላይ የነበረው ሠራተኛ ከ7 ሺህ በታች ሆነ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ለመጻፍ ይቀላል፤ ከሺህ በላይ ሰዎች ወደ ቤታቸው የተመለሱበት ቁጥር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። በመስመሩ መጨረሻ ላይ የተከበሩ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ያልገጠመውን በር እየሞረዱ የሚያስገጥሙ፣ የተንጋደደውን እያቀኑ የሚያሳምሩ፣ ዕድሜያቸውን በዚህ የፈጁ ናቸው። የቤቱ ኩራት እነርሱ ነበሩ። ጃፓኖቹ ይህን አይተው ያሉት፣ በአጭሩ፣ «ይህ ጥበብ አይደለም፤ ብክነት ነው» የሚል ነው። በሩ ከመጀመሪያው በትክክል ቢሠራ ኖሮ ሞራጅ ባላስፈለገ ነበር። ጠበብቱ የሚያርሙት ሊፈጠር የማይገባውን ስሕተት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ የጋሼን መዝገብ አስታወስሁ። ያ ቀይ ቀለም በትርፍ ሰዓት የፈሰሰ ፍቅር ነበር? ወይስ በአዝጋሚ አሠራር ውስጥ የተገኘ ክፍት ጊዜ መሙያ? ለጃፓኖቹ ፍርድ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ልቤ ከሞራጆቹ ጋር ነው፤ አእምሮዬ ግን ከመጋዙ።

መጋዙ ከመደርደሪያው አልፎ ወደ መኪናዋ ሲገባ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። ገንዘብ ስለሌለ ሁለት አዳዲስ መኪናዎች በአንድነት እንዲነደፉ ተወሰነ፤ ርካሿ ቦክስተር በ1996፣ አዲሷ 911 (996 የምትባለው) በ1997 ወጡ። ከአፍንጫ እስከ በር ድረስ ያለው አካላቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የውስጥ ዕቃቸውም እንዲሁ። የፊት መብራቷ ሌላው የቁጠባ ሥራ ነበር። ቀድሞ መብራቱ ለብቻ፣ ፍሬቻው ለብቻ ይገጠም ነበር፤ አሁን ሁሉም በአንድ ቁራጭ ተዋሕዶ በቅጽበት ጠቅ ይላል። የፋብሪካው ደቂቃ ተቆጠበ፤ የደብተሬ ላይ ክብ ዓይን ግን ጠፋ። ከዓይኑ ሥር የፈሰሰውን ብርቱካናማ ፍሬቻ ያዩ ጀርመኖች «የተጠበሰ እንቁላል» ብለው ተሳለቁበት። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተርም በ1998 አበቃ፤ በውሃ ተተካ። በዚህኛው እንኳ ቁጠባን ብቻዋን መክሰስ ግፍ ነው፤ የጭስና የድምፅ ሕጎች እየጠበቁ ስለሄዱ አሮጌው ሞተር ዕድሜው አልቆ ነበር።

ቤቱም ተረፈ። አንገቱን ለሸማች ሊሰጥ የነበረው ፖርሽ በ2000 ዓመታዊ ሽያጩን ወደ 50 ሺህ አስጠጋ፤ ትርፋማነቱም ተፎካካሪዎቹን የሚያስቀና ሆነ። ዓይነ ክቧም በ2004 በወጣችው 997 ላይ ተመለሰች፤ ይህ የናፋቂዎች ጩኸት ውጤት ነው ባይ ነኝ።

ሌላ የዘገየ ሒሳብም መጣ። በአዲሱ የውሃ ሞተር ውስጥ ካለች አንዲት ዘንግ ጫፍ ላይ ኩሽኔታ አለች። (ልጆች ሳለን በእንጨት ጋሪ ሥር ገጥመን ቁልቁለት የምንጋልባት ያችው ኩሽኔታ፤ የሷ ታላቅ እህት።) ይህች ኩሽኔታ በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ሳይታሰብ እየተሰበረች ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ታጠፋ ነበር። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 በስምምነት ተቋጨ። የኩሽኔታዋ ጉዳት ከቁጠባው የመጣ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ልብ የምለው ይህን ነው፤ በዚያው ዘመን የወጡት ውድ ውድ ዝርያዎች፣ በ1999 ጂቲ3፣ በ2000 ቱርቦ፣ ይህ ችግር አልነበረባቸውም። የእነርሱ ሞተር በአሮጌው ሊቅ በሃንስ ሜትስገር ስም የሚጠራው፣ ከውድድር መኪናዎች ዘር የመጣው የቀድሞው ሞተር ነበርና።

የመጋዙ እውነተኛ ሥራ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የስፖርት መኪናን አልገደላትም። ከሁለት ከፈላት እንጂ። ድሮ ያ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ጭንቀት በእያንዳንዷ 911 ውስጥ፣ ገዢው ጠየቀም አልጠየቀም፣ ይገባ ነበር፤ ዋጋው ለብቻ አይነገርም፣ ደረሰኝ ላይም አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ጭንቀቱ ከሁሉም ላይ ተነቅሎ በልዩ ስም፣ በልዩ ዋጋ፣ በተወሰነ ቁጥር ይሸጥ ጀመር። በ2013 የወጣችው ጂቲ3 በእጅ የሚቀየረውን ካምቢዮ ተነጠቀች፤ በ2016 ያው ካምቢዮ 911 አር በተባለች፣ 991 ብቻ በተሠራች መኪና ላይ ተመለሰና ወዲያው ዋጋዋ ከመሸጫዋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ማተሚያ ቤት ሲስፋፋ ብራና አልጠፋም፤ የሰብሳቢ ዕቃ ሆነ። አንድ ማታ ስለዚህ ጉዳይ 12 ስንኝ ያለው ግጥም ጽፌ ነበር። በማግሥቱ ሳነበው 10ሩ ትርፍ ሆነው አገኘኋቸውና ቆርጬ ጣልሁ። የቀሩት እነዚህ ናቸው፤

መቁረጫው በእጄ ነው፣ መለኪያው የት አለ?
ስቡን ስጠርግለት አጥንቱ ጎደለ።

የተጣሉት 10 ስንኞች ውስጥ አንድ ደኅና ቃል እንደነበር ይሰማኛል፤ አሁን ግን አላስታውሰውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍል የካሬራ ጂቲ አወላለድ ነው። ፖርሽ በ1998 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያም ለ2000 ውድድር ባለ 10 ሲሊንደር ሞተር ያላት አዲስ መኪና አዘጋጀ። መኪናዋ በ1999 መጨረሻ በቫይሳህ የሙከራ ሜዳ ላይ ጥቂት ከተነዳች በኋላ ፕሮጀክቱ ተሰረዘ፤ ወደ መጋረጃ ጀርባ ተገፋች። ምክንያቱ መሐንዲሱም ገንዘቡም ለሌላ ሥራ መፈለጉ ነበር፤ ይኸውም ካየን፣ ያች ከቮልክስዋገን ጋር በጋራ የተሠራች፣ እኛ አገር «ቪ ኤይት» በምንላቸው ተርታ የምትቆም ረጅምና ከባድ የቤተሰብ መኪና ናት። ናፋቂዎች ክህደት ነው ብለው ጮኹ። ካየን በ2002 ወጥታ ብዙም ሳትቆይ በሽያጭ 911ን በለጠች፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፈጣኗ መኪና በወፍራሟ እህቷ ደመወዝ የምትኖር ሆነች።

የተሰረዘው ሞተር ግን አልተጣለም። ጨምሮ ተሠራና በ2000 በፓሪስ ለዕይታ በቀረበች መኪና ላይ ተገጠመ፤ ከ2003 እስከ 2006 ድረስ 1,270 ካሬራ ጂቲዎች በላይፕዚግ፣ ካየን በምትሠራበት በዚያው ፋብሪካ ተሠሩ። 612 የፈረስ ጉልበት አላት። ስትንሸራተት የሚይዛት ኮምፒውተር የላትም፤ ፍሪሲዮኗም ለማጅ አይራራም። ድምፅዋን በቪዲዮ የሰማ ሰው ለምን ሞተር ብለው እንደሚጠሩት ይገርመዋል፤ እኔ ከዜማ ነው የምመድበው። ካየን ባትኖር ይህች መኪና ለውድድር በወጣች ነበር፤ ምናልባትም ሁለት ክረምት ሮጣ በተረሳች ነበር። ካየን ባትኖር ደግሞ የሠራት ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? ቁጠባ እናቷንም ገዳይዋንም የሆነባትን ይህችን መኪና በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደምጽፋት አላውቅም።

የቪደኪንግን ፍጻሜ በአጭሩ ልለፈው፤ ብሎን በብሎን የቆጠበው ሰው የተሸነፈው በብሎን አልነበረምና። ከ2005 ጀምሮ የቮልክስዋገንን አክሲዮን እየገዛ፣ ያችን የ«ቮልስ» እናት ለመዋጥ ተነሣ። በ2007/08 የበጀት ዓመት ፖርሽ 7.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ መኪና ሸጦ፣ ከግብር በፊት 8.6 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አተረፈ። ትርፉ ከሽያጩ በለጠ! በሙያ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሪፖርት አላየሁም፤ ገንዘቡ የመጣው ከመኪና ሳይሆን ከአክሲዮን ውርርድ ነበርና። የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ዕዳው ወደ 10 ቢሊዮን ዩሮ ተጠጋ፤ ሐምሌ 2009 ላይ ሰውዬው ሥራውን ለቀቀ፤ በ2012 ፖርሽ ሙሉ በሙሉ በቮልክስዋገን ተጠቀለለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ያለውን ነው።

ታሪኩ አሁን ዙሩን ጨርሶ የመጣ ይመስላል። ቻይና ውስጥ በ2021 ከ95 ሺህ በላይ መኪና ያስረከበው ፖርሽ በ2024 ከ57 ሺህ በታች አስረከበ። የኤሌክትሪክ መኪና ዕቅዱ እንደታሰበው አልሄደም። በየካቲት 2025 እስከ 2029 ድረስ 1,900 የሥራ ቦታዎች እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በመስከረም አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹን አዘግይቶ የነዳጅ ሞተሮቹን ዕድሜ እንደሚያራዝም ተናገረ፤ በዚያ ዓመት ሦስተኛው ሩብ ላይ ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ኪሳራ አሳየ። ቤቱን በ1996 ከሞት ያወጣችው ቦክስተር፣ የነዳጇ፣ በዚያው በ2025 መገባደጃ ከመስመር ወጣች። ከ2026 ጥር ጀምሮ እንዲመራ የተሾመው ሚካኤል ላይተርስ ደግሞ ቀድሞ የካየንን ክፍል ይመራ የነበረ፣ ከዚያም በፌራሪና በማክላረን የሠራ መሐንዲስ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ፣ የወፍራሟንም የፈጣኗንም፣ የሚናገር ሰው ነው ማለት ነው።

911ስ? በ2024 ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ተሽጣለች። ይህም ፋብሪካው በ1986፣ በደጉ ዘመን፣ ከሁሉም ዓይነት መኪኖቹ በአንድነት ከሸጠው ጋር የሚወዳደር ነው። (አገራችን በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ እኔና መሰሎቼ ከደብተር ሽፋን ላይ እንዳየናት መቅረታችን ነው።) ስለዚህ ትሞታለች ብዬ አልፈራም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ በዚህኛው ዙር ለመጥፋት የሚፈቀድለትን፣ ስም የሌለውን ዕቃ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከሥራ በኋላ የኩባንያውን የ2025 መግለጫዎች እንደ ባንክ ሰው መስመር በመስመር አየሁ። «ልዩ ወጪዎች» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ወደ 3 ቢሊዮን ዩሮ። ከአቅጣጫ ለውጡና ከባትሪ ሥራው ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገልጻል። በዚያ አንድ መስመር ውስጥ ምን ያህል የተቋረጠ ንድፍ፣ ተፈትኖ መጋረጃ ጀርባ የተገፋ ስንት ሞተር እንዳለ መግለጫው አይዘረዝርም። እንዲዘረዝርም አይጠበቅበትም። ከሥሩ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ግን አየኋቸው፤ ኮምፒውተር ያሠመራቸው ናቸው፣ ፍጹም ቀጥ ያሉ።